የካውንቲ እስረኛን ስለ መጠየቅና ገንዘብ ስለ መላክ

አንድ ሐሙስ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩን አላወቅሁትም። ሳነሣው የተቀዳ ድምፅ ከካውንቲ እስር ቤት እንደተደወለልኝና ንግግሩ እንደሚቀዳ በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ ደዋዩ ስሙን እንዲናገር በተተወለት አጭር ክፍተት ውስጥም የአክስቴ ልጅ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» ሲል ሰማሁ። ጥሪውን ለመቀበል የትኛውን ቁጥር መጫን እንዳለብኝ ሳልረዳ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ልደውል ብሞክር አልሆነም፤ ወደ እስረኛ መደወል አይቻልም፣ የሚደውለው እርሱ ብቻ ነው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እስከ ተፈታበት ቀን ድረስ በነበሩት ዐሥራ አንድ ሳምንታት ብዙ ተሳስቻለሁ፤ ከስሕተቶቼ አብዛኞቹም የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ የማልሠራቸው ነበሩ። በአሜሪካ በምንኖር ሰዎች መካከል ግን ይህ ነገር እንደ ነውር ስለሚታይ ማንም ለማንም አይነግርም። ልጁ የታሰረበት ቤተሰብ «ሥራ በዝቶበት ነው» እያለ ይሸፍናል፣ ጎረቤቱም እንዳልሰማ ይሆናል። ይህን የምጽፈው ያቺ ሌሊት ነገ ለሚገጥማት ቤተሰብ ነው።

በመጀመሪያ የገባኝ ነገር የቋንቋ ጉዳይ ነበር። እንግሊዝኛው «ጄይል» (የካውንቲው) እና «ፕሪዝን» (ረጅም ቅጣት የተፈረደባቸው የሚገቡበት) ብሎ የሚለያቸውን ሁለት ቦታዎች እኛ በአማርኛ «እስር ቤት» ብለን እንጠቀልላቸዋለን። ስለዚህም «ታሰረ» የሚለውን ቃል የሰማ ዘመድ ሁሉ ልጁ የተፈረደበት ይመስለዋል። ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው፤ የካውንቲው እስር ቤትም በአብዛኛው በሕዝብ በተመረጠ ሸሪፍ፣ ማለትም በካውንቲው የፖሊስ ኃላፊ፣ የሚተዳደር፣ ተይዘው ፍርድ የሚጠብቁ ሰዎችና አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ቅጣት የተወሰነባቸው ሰዎች የሚቆዩበት ቦታ ነው። በመላው አገሪቱ በእነዚህ የአካባቢ እስር ቤቶች ከሚገኙት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ገና አልተፈረደባቸውም። አክስቴ ከአገር ቤት ደውለው «ስንት ዓመት ፈረዱበት?» ብለው ሲያለቅሱ የመለስኩላቸው ይህንኑ ነበር፦ «ማንም አልፈረደበትም፣ ቀጠሮውን እየጠበቀ ነው።» ይህን ማወቅ ለመጽናናት ብቻ አይደለም። በእንዲህ ያለው ቦታ የሚቆይ ሰው ነገ ሊፈታ፣ ከነገ ወዲያ ወደ ሌላ ካውንቲ ሊዛወር፣ ወይም ወራት ሊቆይ ስለሚችል ገንዘቡንም ጥየቃውንም ከዚህ ጋር አገናዝቦ ማድረግ ያስፈልጋል።

አገሪቱ ከ3,000 በላይ ካውንቲዎች አሏት፣ እያንዳንዱም ደንቡን ለብቻው ያወጣል። የጓደኛዬ ወንድም በሌላ ካውንቲ ታስሮ ስለ ነበር ጓደኛዬ በቅን ልቦና የነገረኝ ሁሉ ለእኔ ቦታ አልሠራም፤ የጥየቃው ቀን የተለየ፣ ገንዘብ የሚያስተላልፈው ድርጅት የተለየ፣ የሚፈቀደው ልብስ እንኳ የተለየ ነበር። ስለዚህ መነሻው የዚያው ካውንቲ የሸሪፍ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ነው። በፍለጋ ገጹ አናት ላይ የሚወጡት ማስታወቂያዎች የመንግሥት ሳይሆኑ መንግሥታዊ የሚመስሉ፣ ለነፃው መረጃ ገንዘብ የሚጠይቁ ሊሆኑ ስለሚችሉ አድራሻውን ማጣራት ይገባል።

በሸሪፉ ድረ ገጽም ስሙን ብፈልገው አጣሁት። የእኛ ስም ለዚህ አገር መዝገብ አይመችም። የአባታችንን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል፤ እንደ «ገብረ ማርያም» ያለውን ሁለት ቃል ለያይተው «ማርያም» የምትለዋን ብቻ የመጨረሻ ስም ያደርጓታል፤ በ«ፀ» ወይም በ«ጨ» የሚጀምረውን ስም ፓስፖርቱ በአንድ አጻጻፍ፣ መንጃ ፈቃዱ በሌላ፣ የያዘው ፖሊስ ደግሞ በሦስተኛ ይጽፉታል። እኔ ስሙን በትክክል እየጻፍኩ ለሁለት ቀን «እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል መልስ ሳገኝ ቆየሁ፤ በመጨረሻ የአባቱን ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ብቻ አስገብቼ የወጡትን ሰዎች አንድ በአንድ በትውልድ ዘመን ሳነጻጽር አገኘሁት። አንድ ፊደል ደርበውበት ነበር። ከስሙ አጠገብ ያለው ቁጥር፣ ማለትም ሲገባ የሚሰጠው የእስረኛ ቁጥር፣ ከዚያ በኋላ ለሁሉም ነገር ያስፈልጋል፤ ለጥየቃ ቀጠሮ፣ ለገንዘብ፣ ለደብዳቤ። በወረቀት ጻፉት። የስሙንም አጻጻፍ እነርሱ እንደ ጻፉት አድርጋችሁ ያዙ፤ ትክክለኛውን ብትጽፉ ገንዘቡ ይመለሳል ወይም ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ቀጥሎ ገንዘቡ መጣ። እስረኛው ያለው አንድ ሂሳብ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ነው። አንደኛው ከእስር ቤቱ ሱቅ፣ «ኮሚሰሪ» ከሚሉት፣ ዕቃ የሚገዛበት ነው። ሌላው የስልክ ነው፤ ይህም በአንዳንድ ቦታ በእስረኛው ስም፣ በሌላው ቦታ ደግሞ በተደዋዩ ስልክ ቁጥር የሚከፈት ነው። እኔ ይህን ሳልለይ፣ በችኮላ፣ ስልኬ ላይ የመጣውን የመጀመሪያ ማስፈንጠሪያ ተጭኜ 60 ዶላር ከፈልኩ። ልጁ በሚቀጥለው ጥሪ «ጋሼ፣ ምንም አልደረሰኝም፣ የሚለበስ ካልሲ እንኳ የለኝም» ሲለኝ ከኩባንያው ጋር ተከራከርኩ። ገንዘቡ የገባው በእኔ ቁጥር ስም በተከፈተ የስልክ ሂሳብ ነበር፤ ወደ ሱቁ ሂሳብ ማዛወር አይቻልም፣ ተመላሽ ለማግኘትም ማመልከት ነበረብኝ። ከመክፈላችሁ በፊት ገጹ ላይ «ለስልክ» ወይስ «ለኮሚሰሪ» እንደሚል አንብቡ። ይህን ብቻ ከእኔ ብትወስዱ ይበቃኛል።

የመላኪያው መንገድ ብዙ ነው። በኢንተርኔት በካርድ መክፈል ፈጣን ነው፤ ክፍያው ግን በየጊዜው የሚቆረጥ ስለሆነ ትንሽ ትንሹን ለሚልክ ሰው ይከብዳል፤ እኔ 20 ዶላር በላክሁ ቁጥር ወደ አራት ዶላር የሚጠጋ ይጨመርብኝ ነበር። በስልክ ደውሎ በካርድ መክፈል ብዙ ጊዜ ከዚህም ይወደዳል። በእስር ቤቱ መግቢያ አዳራሽ የሚቆመው የገንዘብ ማስገቢያ ማሽን፣ «ኪዮስክ» የሚሉት፣ ጥሬ ገንዘብ ይቀበላል፤ እኔ ለጥየቃ በሄድኩ ቁጥር በእርሱ ማስገባት ጀመርኩ። መኒ ኦርደር፣ ማለትም ገንዘቡ ተከፍሎ የሚገዛ የክፍያ ወረቀት፣ በፖስታ የሚቀበሉ ቦታዎች አሉ፤ ቀናት ይፈጃል፣ ወጪው ግን ትንሽ ነው፣ የእስረኛው ስምና ቁጥር በግልጽ ካልተጻፈበት ግን ይመለሳል። በደብዳቤ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ማስገባት በፍጹም አይሆንም። አክስቴ «አንድ ሰው ይዞለት ይሂድ» ሲሉ የነበረው እንጀራና ቆሎም እንዲሁ አይገባም፤ ስንቅ ይዞ መሄድ እዚህ የለም፣ የሚበላው ሁሉ ከራሱ ከእስር ቤቱ ነው። እርሳቸውን ይህን ማሳመን ከሁሉ ከብዶኝ ነበር። መጽሐፍ ግን በብዙ ቦታ ይቻላል፤ አዲስ፣ ስስ ሽፋን ያለው፣ ከአሳታሚው ወይም ከመጽሐፍ ሻጭ በቀጥታ የተላከ መሆን አለበት እንጂ ከቤት ታሽጎ የሚላክ አይቀበሉም።

ስትልኩ ደግሞ የላካችሁት ሁሉ እጁ ላይ እንደማይደርስ ዕወቁ። ብዙ ካውንቲዎች ለመመዝገቢያ፣ ለሐኪም መታያ፣ ወይም ገንዘብ ሳይኖረው ለተሰጠው ሳሙናና ፖስታ በዕዳ ይጽፉበታል፤ ገንዘብ በገባ ጊዜ ዕዳው ቀድሞ ይነሣል። የአክስቴ ልጅ የጥርስ ሕመም ስለ ነበረበት ሁለት ጊዜ ሐኪም ጠይቆ ነበር፣ ስለዚህ ከላክሁት የመጀመሪያ 40 ዶላር የቀረው ከግማሽ ትንሽ ያለፈ ነበር። ሰረቁት ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ተቆርጦ እንጂ ተሰርቆ አልነበረም፤ አግባብ ነው ብዬ ግን ዛሬም አላምንም፤ ያልተፈረደበት ሰው ጥርሱን አመመኝ ስላለ የእናቱ ገንዘብ ሊቆረጥ አይገባም።

ወደ ጥየቃው ልምጣ። አማርኛችን እስረኛን «ማየት» አይልም፣ «መጠየቅ» ይላል፤ እንዴት ሰነበትክ፣ ምን ጎደለህ ብሎ መጠየቅ። ወደ መጀመሪያው ጥየቃ የሄድኩት ቅዳሜ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር፤ ሰዓቱ የጥየቃው መጀመሪያ ስለ ነበር በጊዜ የደረስኩ መስሎኝ ነበር። በመስኮቱ በኩል ያሉት ሴት ግን ቀጠሮ ከአንድ ቀን በፊት በኦንላይን መያዝ እንዳለበት፣ የመጣ ሰውም ከሰዓቱ ቀድሞ ተመዝግቦ መገኘት እንዳለበት፣ ከዚያም በላይ ስሜ በእርሱ የጠያቂዎች ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ ነገሩኝ። ዝርዝሩን የሚያስመዘግበው እስረኛው ራሱ ነው። ከእኔ ኋላ የነበረች ወጣት እናት ደግሞ እጅጌ የሌለው ልብስ ስለ ለበሰች ተመለሰች፤ ልጇን አቅፋ፣ ጃኬት የሚያውሳት ሰው በመኪና ማቆሚያው ስትፈልግ አየኋት። የራሴን ጃኬት ሰጠኋትና እርሷ ገባች፣ እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንግዲህ መታወቂያችሁ ጊዜው ያላለፈበት፣ ከመንግሥት የተሰጠና ፎቶ ያለበት ይሁን፤ አጭር ሱሪ፣ ስስ ወይም ትከሻ የሚያሳይ ልብስ ተዉ፤ የእስረኞቹን ልብስ የሚመስል ቀለምም አትልበሱ። ስልክና ቦርሳ በመኪና ወይም በሳንቲም በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። የእስር ማዘዣ የወጣበት ሰው፣ ያልከፈለው የትራፊክ ቅጣት ወደ ማዘዣ የተለወጠበት እንኳ ቢሆን፣ መታወቂያው ሲጣራ እዚያው ሊያዝ እንደሚችል አስቡ። የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት ዘመድ ከመሄዱ በፊት ጠበቃ ማማከር አለበት፤ በእንዲህ ያለ ጉዳይ «ምን ይሉኛል» ማለት አያዋጣም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ገባሁ። በብዙ የካውንቲ እስር ቤቶች እጅ ለእጅ መገናኘት አይፈቀድም፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1984 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ከሎስ አንጀለስ ካውንቲ በመጣ ጉዳይ ላይ ፍርድ የሚጠብቁ እስረኞች ከጠያቂያቸው ጋር በአካል የመነካካት ሕገ መንግሥታዊ መብት የላቸውም ብሎ ወስኗል። አንዳንዶቹ ቦታዎች መስታወቱንም አስቀርተው ጥየቃውን በሙሉ በቪዲዮ አድርገውታል፤ በዚህ ጊዜ እስር ቤቱ ድረስ ሄዶ በአዳራሹ ስክሪን ማነጋገር ብዙ ጊዜ በነፃ፣ ከቤት ሆኖ ማነጋገር ደግሞ በክፍያ ነው። የእኛው በመስታወት ነበር። ከብረት በተሠራ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ፤ አጭር የብረት ገመድ ያለውን የስልክ እጀታ ለመያዝ ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። ልጁ ብርቱካናማ ልብስ ለብሶ፣ በግራ አንጓው የፕላስቲክ አምባር አድርጎ መጣ። ጢሙ አድጎ ነበር። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ መነጋገር አልቻልንም። ከዚያ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ በመስታወቱ ላይ ለጠፈልኝ፤ የመጀመሪያው የኮሚሰሪ ደረሰኝ ነበር። በእጁ መዳፍ ደግፎ ያዘልኝና አነበብኩት፦ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ የገላ መታጠቢያ ነጠላ ጫማ፣ አራት ኑድል፣ አንድ ከረጢት ቡና፣ ቴምብር ያለባቸው ሦስት ፖስታዎች። «ቡናውን ከሁለት ሰዎች ጋር ነው የምጠጣው» አለኝ። ነጠላ ጫማ ሳይኖረው ሁለት ሳምንት ሙሉ በባዶ እግሩ ሲታጠብ እንደ ነበር ያወቅሁት ከደረሰኙ ነው፤ በስልክ አንድም ቀን አልነገረኝም። እስረኛ በስልክ የሚደብቀውን ፊት ለፊት መደበቅ አይችልም፤ እኔን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ተኩል መኪና ያስነዳኝ ይህ ነበር።

አሁን ከሁሉ የበለጠ ልታስቡበት ስለሚገባው ነገር ልናገር። ስልኩ ይቀዳል፤ የመስታወቱ ስልክም ሆነ የቪዲዮው ጥየቃ እንዲሁ ሊቀዳ ይችላል። ብዙዎቻችን ግን በአማርኛ ስለምንናገር የሚሰማን የለም ብለን እናምናለን። ይህ እምነት ሰውን ይጎዳል። ዓቃቤ ሕግ ቅጂውን ማግኘት ይችላል፣ አስተርጓሚም ያስተረጉማል፤ እናት «እውነቱን ንገረኝ፣ አድርገኸዋል ወይ?» ብላ የጠየቀችበት ጥሪ በፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። አክስቴ የመጀመሪያዋን ጥሪ በሦስት ሰው መስመር እንዳገናኛቸው ለመኑኝ። እምቢ አልኩ፤ ሦስተኛ ሰው ማገናኘት ራሱ በብዙ ቦታ ክልክል ነው፣ መስመሩም ይዘጋል። ከዚያ ይልቅ ልጁ የሚደውልበትን ሰዓት ተጠባብቄ የእርሳቸውን መልእክት አነብለት ነበር። ስለ ክሱ አንነጋገርም፤ ስለ ክሱ የሚነጋገረው ከጠበቃው ጋር ብቻ ነው፣ የእርሱና የጠበቃው ንግግር በሕግ የተጠበቀ ነው። ጠበቃ መቅጠር ያልቻለ ሰው፣ የሚያሳስር ክስ እስከሆነ ድረስ፣ ተከላካይ ጠበቃ ይቆምለታል። ዜግነት የሌለው ሰው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከመስማማቱ በፊት ስምምነቱ ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል ጠበቃው የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ ይህን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ወስኗል። እኔ በጥየቃ ጊዜ ስለ ጉዳዩ የምናገረው አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከጠበቃህ ጋር ስለ ግሪን ካርድህ ተነጋገርክ ወይ?»

የስልኩ ዋጋ ደግሞ ለብቻው ሸክም ነው። በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ ማርታ ራይት የተባሉ አያት ታስሮ ከነበረው የልጅ ልጃቸው ጋር ለመነጋገር የሚጠየቁት ዋጋ ስለ ከበዳቸው ጉዳዩን በ2003 ወደ ፌዴራል የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቀረቡ። ኮሚሽኑ የጥሪውን ዋጋ እንዲቆጣጠር የሚያደርገው፣ በስማቸው የተሰየመው ሕግ የተፈረመው እርሳቸው ካረፉ ከዓመታት በኋላ፣ በጥር 2023 ነው። ኮሚሽኑ በ2024 ዝቅ ያለ የዋጋ ጣሪያ አወጣ፣ በ2025 ግን የሚተገበርበትን ጊዜ አራዘመ። ኒው ዮርክ ከተማና ሳን ፍራንሲስኮ በእስር ቤቶቻቸው ጥሪውን ነፃ አድርገውታል። በሌላው ካውንቲ ያላችሁ ግን የደቂቃውን ዋጋ ጠይቃችሁ ተነጋገሩ። እኛ በሳምንት ሁለት ጥሪ፣ ማክሰኞና እሑድ፣ ብለን ወሰንን፤ ይህም ወጪውን ቀነሰልን፣ ለእርሱም የሚጠብቀው ቀን ሰጠው።

ወዳጆቻችን በሁለተኛው ሳምንት ተሰብስበው 900 ዶላር አዋጡ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ባላቸው ሁሉ የሚደርሱ ሰዎች ናቸው። ሐሳባቸው ሙሉውን በሂሳቡ ማስገባት ነበር። እኔ ተቃወምኩ፤ ተቀየሙኝም። ኮሚሰሪው በሳምንት የሚያስገዛው መጠን የተወሰነ ነው፤ ብዙ ገንዘብ እንዳለው የታወቀ እስረኛ ደግሞ ከሌሎች ጫና ይደርስበታል። በአምስተኛው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው ደውሎ «ልጃችሁ ደኅና እንዲሆን» በሌላ እስረኛ ስም 50 ዶላር እንዳስገባ ሲጠይቀኝ ፍርሃቴ ከንቱ እንዳልነበር አየሁ። አልላክሁም፤ ለጠበቃው ነገርኩ፣ ልጁም በጥያቄው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። ራሱን ፖሊስ ወይም የዋስትና ሠራተኛ አድርጎ በስልክ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ በተለይም የስጦታ ካርድ ቁጥር አንብብልኝ የሚል ሰው ሁሉ ሌባ ነው፤ ስልኩን ዘግታችሁ ወደ እስር ቤቱ በራሳችሁ ደውሉ። ከዚያ 900 ዶላር በየሳምንቱ 25 ዶላር ብቻ እያስገባሁ ቀሪውን ለዋስትና አቆየሁት። ዋስትናውን ለፍርድ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ያስያዘ ሰው ተከሳሹ በቀጠሮው ሁሉ ከቀረበ በአብዛኛው ይመለስለታል፣ የሚቆረጥ ነገር ቢኖርም፤ ለዋስትና ድርጅት የሚከፈለው ግን፣ ብዙ ጊዜ ከመቶ ዐሥር የሚሆነው፣ አይመለስም። የኢሊኖይ ግዛት ደግሞ ከመስከረም 2023 ጀምሮ የገንዘብ ዋስትናን አስቀርቷል። ዳኛው በዘጠነኛው ሳምንት ዋስትናውን ዝቅ አደረጉለት፤ ቀሪውን ለማሟላት ሌላ ሁለት ሳምንት ወሰደብን። ገንዘቡ በኑድልና በቡና አልቆ ቢሆን ኖሮ የበለጠ ይቆይ ነበር።

የተፈታው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ዋስትናው የተከፈለው ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ወረቀቱ እስኪያልቅ ይህን ያህል ሰዓት ፈጀ፤ ብዙዎችም እንዲሁ በሌሊት፣ ባትሪው ባለቀ ስልክ፣ አውቶቡስ በሌለበት ሰዓት ይወጣሉ። በር ላይ ሰው ይኑር። በግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ቀበቶውን፣ የጫማውን ማሰሪያና የቤት ቁልፉን ይዞ ወጣ። በሂሳቡ የቀረውን 11 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በካርድ ነበር የሰጡት፤ ካርዱ ሳይጠቀሙበት ሲቆይ ክፍያ እንደሚቆርጥ በጀርባው በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ነበር፣ ስለዚህ በመንገዳችን ነዳጅ ማደያ ገብተን በሙሉ ውሃና ዳቦ ገዛንበት። መኪናው ውስጥ ጫማውን አሰረ። ከዚያ ስልኬን ጠየቀኝ፤ በአገር ቤት ጧት ነበርና አክስቴ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሡት።